ከውጭ አገር ምን ይዘን መጣን?

በጅማ ከተማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በሌሎቹም የቡና አገር ከተሞች አንድ ክፉ ንግግር ተለምዶአል። ሰዎች በሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጠው መንገዱን ሲመለከቱ፥ ቦዩ በቈሻሻ ተደፍኖ የዝናቡ ውሃ በአስፋልቱ ላይ ሲፈስ ያያሉ። በመካከላቸው ከውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ያለ እንደ ሆነ፥ ይህን ጊዜ ፈገግ ይልና «ሰው ማለት እዚያ ነው! እዚያ እንዲህ ያለ ነገር አታዩም። እኛ ግን አንሠለጥንም፤ ተፈጥሮአችን አይደለም» ይላል። የሚሰሙትም ራሳቸውን እየነቀነቁ «ልክ ነህ» ይሉታል። ከዚያም ሒሳባቸውን ከፍለው፥ የተደፈነውን ቦይ ተሻግረው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምቃወመው ይህን ንግግር ነው።

ንግግሩ በመልኩ ትሕትና ይመስላል፤ የራስን ጉድለት መግለጥ ይመስላልና። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። ተናጋሪው «እኛ» ሲል ራሱን አይጨምርም። «እኛ» ማለቱ «እናንተ» ማለቱ ነው፤ ራሱንማ ከዚያኞቹ ወገን ቈጥሮታል። ደግሞም «ተፈጥሮአችን አይደለም» ባለ ጊዜ ራሱን ከሥራ ሁሉ ነፃ አውጥቶአል፤ ተፈጥሮን ማን ሊለውጥ ይችላል? ስለዚህ ይህ ንግግር ስንፍናና ትዕቢት በትሕትና ልብስ የተሸፈኑበት ነው። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ አጠገቡ ተቀምጦ የሚሰማው የዐሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነው። ያ ልጅ ገና ሥራ ሳይጀምር አገሩ የማትቃና መሆንዋን ተምሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መሄድ ነው።

ነገሬ እንዳይጣመም አስቀድሜ ልለይ። ወደ ውጭ አገር ሄዶ መማር መልካም ነው፤ እኔም በሕንድ አገር ሁለት ዓመት ተምሬ ተመልሻለሁ። በዚያው ቀርቶ እንጀራውን የሚበላ፥ ለእናቱም በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው ነውር የለበትም። ጠቤ ከሌላ ጋር ነው። ጠቤ የውጭ አገርን ትምህርት እንደ ካባ ደርቦ ወገኑን ከሚንቅ፥ ያየውንም ሁሉ ለመናቂያ እንጂ ለመሥሪያ ከማያውለው ሰው ጋር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከሻንጣው ምን ያወጣል? ጥሩ ልብስ ያወጣል፤ አዲስ ስልክ ያወጣል፤ በበረዶ ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ያወጣል፤ ዲግሪውንም ያወጣል። ከስሙ አስቀድሞ የማዕርግ ስም ካልተጠራለት ይቈጣል። የሰፈሩ ሰው ግን ከዚያ ሻንጣ ውስጥ ለሰፈሩ የሚሆን አንድ ነገር ሲወጣ አላየም።

እስቲ «ተፈጥሮአችን አይደለም» የሚለውን ሰው ራሱን ምስክር አድርገን እንጥራው። ወንድሜ ሆይ፥ በዚያ አገር ሳለህ አውቶቡስ ስትጠብቅ በሰልፍ ትቆም አልነበረምን? ቈሻሻህን ለይተህ በቀኑ ታወጣ አልነበረምን? ግብርህ ከደመወዝህ ሲቈረጥ ዝም ብለህ ትከፍል አልነበረምን? ይህን ሁሉ አድርገሃል፤ ደምህንም የለወጠው ሰው አልነበረም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በወረድህ በማግሥቱ ግን ሰልፉን ትተህ በጓሮ በር የሚያስገባህ ዘመድ ፈለግህ፤ የሙዙን ልጣጭ በመኪናው መስኮት ወረወርህ፤ «እዚህ እንዲህ ነው» አልህ። በአንድ ሌሊት በረራ ተፈጥሮህ ተለወጠን? አልተለወጠም። እዚያ ሥርዐቱ ሁሉን እንደሚይዝ፥ አንተም ብታጠፋ እንደምትጠየቅ ታምን ነበር። እዚህ ግን ሥርዐቱ ጐረቤትህን እንደማይዘው፥ አንተንም ማንም እንደማይጠይቅህ ታምናለህ። እንግዲህ ነገሩ የመተማመንና የመጠያየቅ ነገር ነው እንጂ የደም ነገር አይደለም።

የውጭ አገሩ ምስክርነት ካልበቃ ወደ ገዛ ሰፈራችን እንምጣ። ጡሩምባው በሌሊት ሲነፋ የዕድር አባል የሆነ ሰው «እንቅልፌ አላለቀም» ብሎ አይቀርም። ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ሴቶቹ በተራቸው ያበስላሉ፤ ወንዶቹ በተራቸው ከሐዘንተኛው ጋር ያድራሉ። መዋጮውን በቀኑ ያልከፈለ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ባለጸጋው ነጋዴ ከቀን ሠራተኛው እኩል ይከፍላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፥ ኦሮሞውና አማራው፥ ዳውሮውና የሙ በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። በገጠርም ገበሬው በደቦና በዳዶ የጐረቤቱን ማሳ ያርማል፤ ተራው ሲደርስ የእርሱ ይታረምለታል። «አይሠለጥንም» የተባለው ሕዝብ ይህን ሁሉ እንደምን ቻለ? ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የዕድሩን ዳኛ ራሱ መርጦታል፤ ካልወደደውም ይሽረዋል። ገንዘቡ ስንት እንደ ገባና በምን እንደ ወጣ በስብሰባው ቀን መዝገቡ ተገልጦ ይነበብለታል። መዝገቡ የሚነበብበትን ነገር ሰው የራሱ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ያው ሰው ግን ከዕድሩ ስብሰባ ወጥቶ ጐዳናው ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። ጐዳናው የማን ነው ብትለው «የመንግሥት ነው» ይልሃል። ወንዙ የማን ነው ብትለው «የማንም አይደለም» ይልሃል። የአዌቱ ወንዝ የጅማን ከተማ አቋርጦ ያልፋል፤ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ግቤ ውሃ ይቀላቀላል። ከወንዙ ዳር ያለው ቈሻሻውን ይጥልበታል፤ ፍሳሹን ይለቅበታል፤ ከወንዙ በታች ያለው ደግሞ ልብሱን ያጥብበታል፤ ከብቱን ያጠጣበታል። በመኸርም ጊዜ የእሸት ቡና መፈልፈያ ባለበት አገር የቡናው ልጣጭና የኮመጠጠው ውሃ ወደ ጅረቱ ይለቀቃል፤ ውሃው ይጠቍራል፤ ይሸታል፤ በውስጡ የሚኖረው ነፍስ ያለው ፍጥረት ያልቃል። ይህንንም የጅማ ዩኒቨርስቲ መምህራን መርምረው ጽፈዋል። የመፈልፈያው ባለቤት ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ የዕድሩን መዋጮ አንድ ወር እንኳ አሳልፎ የማያውቅ ይሆናል። ነገር ግን ጅረቱ መዝገብ የለውም፤ በስብሰባ ቀን ስሙን ጠርቶ «ለምን?» የሚለው ዳኛ የለበትም።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ በሌላ ጐን ይመጣና «እኛ ጥንት መልካም ነበርን፤ ያበላሸን ከውጭ የመጣው ነው» ይላል። ይህም እንደ ፊተኛው ያለ ስንፍና ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሕርማታ ገበያ ስሙ የገነነ ነበር። ከሩቅ አገር የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ይዘው በሰላም ይገቡበት ነበር፤ ገበያውም ሹምና ሥርዐት ነበረው። በዚያው ሥርዐት ባለው ገበያ ግን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን ሥርዐት ማቆም ያውቁ ነበር፤ ሥርዐትም ለበጎ ብቻ ሳይሆን ለክፉ እንደሚያገለግል ከእነርሱ እንማራለን። ጥንቱን ማምለክም ሆነ ውጭውን ማምለክ ያው የዛሬን ሥራ መሸሽ ነው።

ስለ ተፈጥሮ የሚነገረው ነገር ውሸት ለመሆኑ ከቡናችን የሚበልጥ ምስክር አላገኘሁም። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ለብዙ ዘመን «ጅማ አምስት» እየተባለ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹም አፈሩ ነው፥ ዘሩ ነው ይሉ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቀዩም አረንጓዴውም ፍሬ ባንድነት ከቅርንጫፉ ይታለብ ነበር፤ ጀንፈሉ በመሬት ላይ ተሰጥቶ አቧራና ሽታ ይጠጣ ነበር። ገበሬው በጥንቃቄ ቢለቅምም ባይለቅምም ሰብሳቢው የሚከፍለው ዋጋ ያው ነበር። ዋጋው አንድ ከሆነ ማን ይደክማል? ሰነፍ ያሰኘው ይህ አከፋፈል ነው።

በአጋሮ አጠገብ በጎማ ወረዳ ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ ስሙ በኦሮምኛ መበልጸግ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቋመ። ቴክኖሰርቭ ከሚባለው የውጭ ድርጅት ምክርና ትምህርት አገኘ፤ መፈልፈያ ተከለ። አባላቱ ቀይ እሸት ብቻ መልቀም፥ በዚያው ቀን መፈልፈል፥ ማጠብ፥ በአልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ። ሒሳብ መያዝንም ተማሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር ዳኞቹ የዱሮሚናን ቡና ከአፍሪካ ቡና ሁሉ አንደኛ አሉት። አፈሩ ተለወጠን? ዛፉ ተለወጠን? የገበሬው ደም ተለወጠን? ሁሉም እንደ ነበረ ነው። የተለወጠው አሠራሩና የሥራው ዋጋ ለሠራው መድረሱ ነው። እንግዲህ በጎማ ኮረብታ ላይ በሁለት ዓመት የሆነውን አይቶ ገና «ተፈጥሮአችን አይደለም» የሚል ሰው፥ ወይ አላየም፥ ወይ ማየት አልፈለገም።

አሁን ደግሞ ወደ ተማርሁበት አገር ልመለስ። ሕንድ ሄጄ መንግሥተ ሰማያትን አላየሁም። ቈሻሻ በጐዳናው አየሁ፤ ጉቦ አየሁ፤ ሰው በዘሩ ሲናቅ አየሁ። ከእኛ የከፋ ድኽነትም አየሁ። ነገር ግን በዚያ ቈሻሻ መካከል ወደ አገሬ ይዤው ብመጣ የምወደውን አንድ ነገር አየሁ። በተከራየሁበት ቤት አጠገብ ከምድር ባቡር ሥራ በጡረታ የተገለሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሰፈሩ ለሚቈፈር ቦይ ገንዘብ ተመድቦ ቦዩ ሳይቈፈር ቀረ። ሽማግሌው ቡና ቤት ሄደው «እኛ ሕንዶች አንሠለጥንም» አላሉም። ዐሥር ሩፒ ከፍለው ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ «ስንት ተመደበ? ለማን ተከፈለ? ሥራውን ማን ተረከበ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ በሃያ ሰባተኛው ቀን መጣላቸው። እኔ ከአገሩ እስክወጣ ድረስ ቦዩ በሙሉ አልተቈፈረም ነበር፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ዓይን እንዳለ ዐወቀ፤ ሽማግሌውም ሁለተኛ ደብዳቤ እየጻፉ ነበር።

ይህ መብት ከሰማይ አልወረደላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ ማንኛውም ዜጋ መሥሪያ ቤትን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ሹሙ በሠላሳ ቀን ካልመለሰ በየቀኑ 250 ሩፒ እስከ 25,000 ሩፒ ድረስ ሊቀጣ ይችላል። የሕጉ መነሻ ግን የገጠር ሰው ጩኸት ነው። በራጃስታን አውራጃ የቀን ሠራተኞች ለሠሩበት የመንግሥት ሥራ ሙሉ ዋጋቸው አይከፈላቸውም ነበር። አሩና ሮይ የምትባል ሴት ከፍ ያለ የመንግሥት ሥልጣንዋን እ.ኤ.አ. በ1975 ትታ ወደ ገጠር ወርዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር ማኅበር አቆመች። የጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፤ «መዝገቡን አሳዩን» አሉ። ከ1994 ጀምሮም በየመንደሩ አደባባይ ሰው ተሰብስቦ የክፍያው መዝገብ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነበበ። የሞተ ሰው ደመወዝ እንደ ተቀበለ ተጽፎ ተገኘ፤ ያልተሠራ ሕንፃ እንደ ተሠራ ተጽፎ ተገኘ። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች መዝገብ በማስነበብ የአንድ ትልቅ አገር ሕግ እንዲወጣ አደረጉ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ የዕድራችን ልማድ አይደለምን? በራጃስታን ያሉት ሰዎች ያደረጉት ነገር የዕድርን መዝገብ እስከ መንግሥት ቢሮ ድረስ መውሰድ ነው።

ስለ ሕንድ ከተነሣ፥ ከውጭ ትምህርት ምን እንደሚመጣ የሚያስተምር አንድ የታወቀ ወጣት አለ። ሞሐንዳስ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1888 ሕግ ሊማር ወደ ለንደን ሄደ። በመጀመሪያ እንደ እንግሊዝ መኰንን መምሰል ፈልጎ ነበር፤ ውድ ልብስ አሰፋ፤ ረጅም ባርኔጣ ገዛ፤ ቫዮሊንና ዳንስ ሊማር ገንዘብ ከፈለ። ጥቂት ወራት ቈይቶ ግን የመጣበትን ጉዳይ አሰበና ተወው፤ ወጪውን በሳንቲም እየጻፈ በቍጠባ መኖር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1901 በካልካታ በተደረገው የሕንድ ኮንግረስ ጉባኤ ላይ ሲገኝ፥ ስለ አገር ነፃነት በእንግሊዝኛ የሚናገሩት የተማሩ ሰዎች የሚጸዳዱበት ቤት ሊቀርቡት የማይቻል ሆኖ አገኘው። ለምን አይጸዳም ቢል «ያ የጠራጊዎች ሥራ ነው» አሉት። እርሱም መጥረጊያ ፈልጎ ራሱ ጠረገ። ከለንደን ባርኔጣውን ብቻ ይዞ የተመለሰ ቢሆን ኖሮ ያን መጥረጊያ ባላነሣ ነበር። ነገር ግን መጥረጊያ ብቻውን እንዳይበቃም እዩ፤ ይኸው ሰው በደቡብ አፍሪካ ስላሉ ወገኖቹ አቤቱታ እየጻፈ፥ ፊርማ እያሰባሰበ ብዙ ዓመት ደክሞአል። ጠርጎ የማይጠይቅ ሎሌ ይሆናል፤ ጠይቆ የማይጠርግ ለፍላፊ ይሆናል።

የእኛም አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች አላጣችም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኰንን ተወስደው በሕንድ አደጉ፤ በላሆር ከተማ ሕክምና ተማሩ። በባዕድ አገር በሰላም ሊኖሩ ሲችሉ ወደማያስታውሱት አገራቸው ተመለሱ። በሽተኛ አከሙ፤ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በጣሊያን ወረራም ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፥ በውጭ አገር የተማሩት ዮሴፍና ቢንያም፥ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ተገደሉ። በኋላም አቶ ግርማሜ ንዋይ ከአሜሪካ ተምረው ተመልሰው የወላይታ ገዥ በሆኑ ጊዜ መሬት ለሌለው መሬት ሰጡ፤ ነገሩ ባለርስቶቹን ስላላስደሰተ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. በተደረገው መፈንቅለ መንግሥት ዋና መሪ ሆነው በዚሁ ሞቱ። ስለ መፈንቅሉ ሰው የተለያየ ፍርድ ይሰጣል። እኔ የምመለከተው ግን የወላይታውን ሥራ ነው። ደግ ገዥ በመጣ ጊዜ መሬት ተሰጠ፤ ገዥው በተነሣ ጊዜ ሥራው ተነሣ። መዝገቡ በገዥው እጅ እንጂ በሕዝቡ እጅ አልነበረምና። ስለዚህ «አንድ የተማረ ደግ ሰው ይምጣልን» እያሉ መጠበቅ አይበቃም።

የውጭ ትምህርትና ያገር ሀብት እንዴት እንደሚጋቡ ለማየት ከጅማ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እርዳታ ተከፈተ፤ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርስቲ አካል ነው። በመልኮ ያለው የቡና ምርምር ጣቢያም በ1960 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1963 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ ገና በአረንጓዴነቱ አጥቍሮ የሚያረግፍ በሽታ ወደ አገራችን ገባና ብዙ ገበሬ አስለቀሰ። ተመራማሪዎቹ የተማሩት የውጭ አገር መጽሐፍ ነበር፤ መድኃኒቱን ግን የፈለጉት በገበሬው ጓሮና በጫካው ውስጥ ነው። በበሽታው መካከል ሳይነካ የቀረውን ዛፍ እየመረጡ፥ እየፈተኑ፥ እያባዙ ለገበሬው መልሰው ሰጡ። ከውጭ የመጣው የመፈተኛው ዘዴ ነው፤ ዘሩ ግን ከመጀመሪያውም እዚሁ ነበር። የሰው ሥርዐትም እንደዚሁ ነው። የመጠያየቅ ዘር በዕድራችን ውስጥ አለ፤ ከተማሩት የሚፈለገው ያን ዘር መርጠው፥ ፈትነው፥ ወደ ጐዳናውና ወደ ወንዙ እንዲያወጡት ነው።

እዚህ ላይ የተማረውን ወገን በግልጽ ልውቀስ። ስለ መንደሩ ውሃ፥ ስለ ልጆቹ ሕመም፥ ስለ ጅረቱ መበላሸት በየዩኒቨርስቲው ስንት ጥናት ተጽፎአል! የሚጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚቀመጠው በመደርደሪያ ነው፤ የሚያነበው ፈታኙ ነው። እናቲቱ ለጠያቂው ተማሪ ቡና አፍልታ፥ የቤትዋን ችግር ዘርዝራ፥ ልጆችዋን አስመዝና ስታበቃ፥ ከዚያ ጥናት የወጣውን አንድ ቃል ሳትሰማ ትኖራለች። ተማሪው በእርስዋ ችግር ዲግሪ አገኘ፤ እርስዋ ምን አገኘች? አንዲት ገጽ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ጽፎ በዕድሩ ስብሰባ ቢያነብላቸው፥ «ከምትጠጡት ውሃ ይህ ተገኝቶአል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሚመለከተው ቢሮ ይህ ነው» ቢላቸው ምን ይጐዳው ነበር? ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዳያነብ ማድረግ መዝገብን እንደ መደበቅ ነው። ሌባ ሹም መዝገብ ሲደብቅ እንቈጣለን፤ የተማረ ሰው ሲደብቅ ግን «ሊቅ ነው» እንላለን።

«ይህን መናገር ቀላል ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ይጠመዳል፤ ጥርስ ይነከስበታል» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ አልክደውም። ጠይቆ ሥራውን ያጣ፥ ከዚያም የባሰ የደረሰበት ሰው በየአገሩ አለ። ፈሪ ብዬ ማንንም አልሰድብም። ነገር ግን ብቻህን ጠይቅ አላልሁህም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንድ ሰው ቢጠይቅ «ነገረኛ ነው» ይባላል፤ ዕድሩ በሙሉ ማኅተሙን አድርጎ ቢጠይቅ ግን «ሕዝቡ ጠየቀ» ይባላል። የምትጠይቀውም የሕግ መሠረት ያለው ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፥ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ማግኘት መብት መሆኑን ይናገራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 590ም ዜጋ መሥሪያ ቤትን መረጃ የሚጠይቅበትን መንገድ ደንግጎአል። ሕግ በወረቀት መኖሩ ብቻ እንደማያድን ዐውቃለሁ። የማይጠየቅበት ሕግ ግን በየት በኩል ሕይወት ያገኛል?

ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ጥበብ ቈጥሮ የሚደግመው አለ። ይህ ተረት ከአፋችን መውጣት ይገባዋል። የበላው ሹም የበላው ከሰማይ የወረደ መና አይደለም፤ የሰፈርህን ቦይ በልቶአል፤ የልጅህን የትምህርት ቤት ወንበር በልቶአል። በዚህ ተረት የሚስቅ ሰው በራሱ ራት ላይ እየሳቀ ነው። የዕድሩን ገንዘብ ያዥ ግን «ሳትሻር ብላ» ሲለው አልሰማሁትም። ለምን? የዕድሩን ገንዘብ የራሱ ገንዘብ መሆኑን ያውቃልና። የመንግሥቱም ገንዘብ ከእርሱ ኪስ፥ ከቡናው ዋጋ፥ ከሚገዛው ስኳርና ሳሙና ላይ የተወሰደ መሆኑን ባወቀ ቀን ያ ተረት አያስቀውም።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፥ በጅማም ሆነ በአጋሮ ይህን የምታነቡ፥ ከእናንተ አንዳንዱ ነገ ወደ ሕንድ፥ ወደ ቻይና፥ ወደ አውሮፓ ለመማር ይሄዳል። ሂዱ፤ እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና። በዚያ ሳላችሁ የሕንፃውን ርዝመት ብቻ አትዩ፤ ሕንፃው ሲሠራ ሒሳቡን ማን እንደ ጠየቀ እዩ። የጐዳናውን ንጽሕና ብቻ አታድንቁ፤ ጠራጊው ስንት እንደሚከፈለውና በማን እንደሚታዘዝ ጠይቁ። ወንዛቸው አንድ ጊዜ ቈሽሾ እንደ ነበረና እንዴት እንደ ጠራ መርምሩ፤ ቴምዝ የሚባለው የለንደን ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ ከክርፋቱ የተነሣ የሕግ አውጪዎቹን ምክር ቤት እስከ ማወክ ደርሶ ነበርና። ያን ወንዝ ያጠራው ደማቸው ሳይሆን የታሰበበት ሥራ፥ ግብርና ሕግ ነው።

የማትሄዱትም ብትሆኑ የቀረባችሁ ነገር አለ ብላችሁ አትዘኑ። በሰፈራችሁ ዕድር ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ሁልጊዜ ይፈለጋል። ጸሐፊነቱን ተቀበሉ። መዝገቡን አጥሩ፤ በየስብሰባው አንብቡት። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፤ የሰፈራችን ቦይ በዚህ ዓመት ስንት ተመድቦለታል? ያን ጥያቄ ጽፋችሁ፥ አባላቱን አስፈርማችሁ፥ ወደ ቀበሌው አስገቡ፤ የተቀበላችሁንም ሰው ስምና ቀኑን በመዝገብ ጻፉ። መልስ ባይመጣ «መልስ አልመጣም» ብላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ አንብቡ፤ ደግማችሁም ጻፉ። ይህን ለማድረግ ቪዛ አያስፈልግም። ይህን ያደረገ ወጣት፥ ከዚያ ወዲያ ማንም በፊቱ «ተፈጥሮአችን አይደለም» ቢል፥ ክርክር ሳያበዛ መዝገቡን ገልጦ ያሳየዋል።